የፕሮጀክተሩ ትንፋሽ

ሟቹ ሸራው ላይ ሆኖ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የአሱዋሶ መንደር ሰው የሐዘን ቀዩንና ጥቁሩን ለብሶ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል፤ ከኩማሲ የመጣው ዘመድ ቦታ አጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሸራው ላይ ናና አሴንሶ የቤት ጣሪያ አክሎ፣ ጓሮው ውስጥ የእንጨት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይናገራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጣቱን ያነሳል። ጆሮውን ያክክና ደግሞ ይቀጥላል። ግራና ቀኝ የተገተሩት ቁም ሣጥን የሚያህሉ ድምፅ ማጉያዎች ግን እንደ ድንጋይ ጸጥ ብለዋል።

ከድምፅ ማቀላቀያው ከሚክሰሩ ጋ የቆመችው ዱፊ ነበረች። ጥፋቱም የእሷ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን አላወቀችውም። ያሉትን ማንሻዎች ሁሉ ወደ ላይ ገፋቻቸው። ማጉያዎቹ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረሙ፣ ቀጥሎ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት አወጡ፣ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ያዙ። መልሳ ዝቅ አደረገቻቸው። ገመዱን ነቅላ ሰካችው። ከጀርባዋ በተከፈተው በር የጄኔሬተሩ ጩኸት ይገባል፤ ራሷን መስማት አልቻለችም።

ዱፊ ኩማሲ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምራ ከተመረቀች ወዲህ፣ ሥራ እስክታገኝ በሚል፣ ከእናቷ ወንድም ከዎፋ አምፔም ጋር ትሠራለች። ዎፋ አምፔም ፕሮጀክተር፣ ድምፅ ማጉያና ጄኔሬተር ያከራያል። ቅዳሜ ጠዋት ቀብር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሠርግ። የእናት ወንድም አለቃ ሲሆን እምቢ አይባልም፤ በእነሱ ልማድ ከአባት በላይ የሚታዘዙት እሱን ነውና አባት ቢሆን ይሻል ነበር። ዱፊ እጇ ፈጣን ነው። ሰው አንዱን ገመድ ፈቶ ሳይጨርስ እሷ ሦስቱን ሰክታ ቆማ ትጠብቀዋለች። ቆሞ መጠበቅ ደግሞ ከምንም በላይ የሚያንገበግባት ነገር ነው።

ዛሬ ጠዋት ጎሕ ሲቀድ ስትደርስ በሩ ላይ የተቀበላት ንሲያ ነበር። ንሲያ የቤተሰቡ አለቃ የናና ቼይ አፈ ቀላጤ ነው። ናና ቼይ ለሕዝብ በቀጥታ አይናገርም፤ ለንሲያ ጆሮ ሹክ ይላል፣ ንሲያ አሽቶና ቀምሞ ለሰው ያደርሳል። ለናና ቼይ የሚነገረውም የሚያልፈው በዚያው በር ነው።

"ድምፅ እንዳታሰሚ" አላት ንሲያ ቀስ ብሎ። "ሟቹ ገብቶ ተጋድሟል፤ ፊቱ ገና አልተገለጠም። ሴቶቹ የመጀመሪያውን ዋይታ እስኪያሰሙ የሰውም ሆነ የማሽን ድምፅ እዚህ ቤት አይሰማም።"

"መሞከር አለብኝ እኮ ናና" አለች፤ እዚህ አገር ሽማግሌ ሁሉ ናና ይባላል።

"ምስሉን ሞክሪ። ምስል አይጮኽም።"

ምስሉን ሞከረች። የሟቹ ቃል የተቀረጸበትን ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ፣ ላፕቶፑን በወፍራሙ ኬብል ፕሮጀክተሩ ላይ ሰካች። ድምፁን ዘግታ ፊልሙን ከፈተች፤ የአዛውንቱ ፊት ጥርት ብሎ ወጣ። አጠፋችው። ዋይታው ተሰምቶ ሕዝቡ ሬሳውን ለመሰናበት በሰልፍ መግባት ሲጀምር ወደ ንሲያ ተመለሰች።

"አሁንስ?"

"አሁን ድምፁን ሞክሪ። ምስሉን እንዳትከፍቺ።"

"ደግሞ ለምን?"

"ሰውየው አሁን ፊቱ ተገልጦ እዚያ ተኝቶ ግድግዳ ላይ ልትሰቅዪው? አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ፊት የለውም። ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ።"

ፕሮጀክተሩን ነቀለችና ከላፕቶፑ አንድ መዝሙር ከፈተች። ማጉያዎቹ የመስኮቱን መስታወት አንቀጠቀጡት። በቃ። ምስሉ ሠርቷል፣ ድምፁም ሠርቷል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ግን ያየ ሰው አልነበረም።

የፕሮጀክተሩ ኬብል አጭር ስለነበረ ማሽኑ የተቀመጠው የሟቹ ሚስት ከምትቀመጥበት ዱካ ጎን ነው። ማሜ ቢራጎ ዓይኗ ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ዱፊ ጠዋት ምስሉን ስትሞክር እጇን ዘርግታ አየሩን ዳሰሰች።

"ይሄ የሚተነፍስብኝ ምንድን ነው?"

"ፕሮጀክተር ነው ማሜ። ሲግል በጎኑ ሙቀት ያወጣል። እርስዎን ትንሽ ፈቀቅ ብናደርግዎትስ?"

ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ማሜ አቺያ ዱፊን ከእግር እስከ ራሷ ገረመመቻት። "ባሏ የሞተባት ሴት ዛሬ ከተቀመጠችበት ትነሳለች? አንቺን ማነው ያሳደገሽ?"

"ተያት አቺያ" አለች ቢራጎ። "ይተንፍስብኝ። ዛሬ ከሚተነፍሱብኝ ሁሉ ይሄ ይሻላል።" ከዚያ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። "አንቺ ልጅ፣ እዚያ ነገር ላይ እሱ ይናገራል አይደል?"

"አዎ።"

"እስከ መጨረሻው አይተሽዋል?"

"መጀመሪያውን ብቻ ነው። መክፈቱን ለማየት።"

"እንዳትቆርጪው። አደራ። የእህቱ ልጅ ያሞዋ ሲቀርጸው እኔን ከጓሮው አስወጡኝ። ማታ ስጠይቀው 'ላንቺም ያስቀመጥኩት ቃል አለ፣ በቀኑ ትሰሚዋለሽ' አለኝ። ስንት ዘመን አብረን ስንኖር የልቡን ሳይነግረኝ አድሮ የማያውቅ ሰው፣ በዚህ ብቻ ድርቅ አለብኝ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች። ቃሉንም ናና ቼይ ዘንድ አስቀመጡትና ከቀኑ በፊት ማንም እንዳይሰማው ተባለ።"

"ምን ይመስልዎታል?"

"ባውቀውማ ምን እጠብቃለሁ" አለች ቢራጎ።

እና አሁን፣ ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ፣ ሸራው ላይ አሴንሶ ቃሉን እያደረሰ ነው፤ የሰማው ግን የለም። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ዱፊ ሚክሰሩ ላይ አጎንብሳ ገመድ ትነቅላለች፣ ትሰካለች። ቢራጎ ግን ሁሉም ሰው ወደሚያየው ወደ ሸራው አልዞረችም። ፊቷን ወደ ግራ፣ ወደ ባዶው አየር መለሰች። እጇን ከፍ አደረገች።

"እዚህ ነው" አለች። "እዚህ፣ አጠገቤ ነው የሚናገረው። ዝም በሉ እስቲ፣ አሰሙኝ።"

አቺያ ጮኸች። እሷ ስትጮኽ ከኋላዋ ያሉት ጮኹ፤ ከኋላ ያሉት ሲጮኹ የአዳራሹ ግማሽ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቆመ። "አጠገቧ ቆሟል!" የሚል ነገር ከአፍ ወደ አፍ እስከ በሩ ደረሰ፤ እዚያ ሲደርስ "እጇን ይዟታል" ሆኖ ነበር። ቢራጎ "ዝም በሉ" ስትል የሚሰማት አልነበረም። ናና ቼይ ወደ ንሲያ ጆሮ ዘንበል አለ። ንሲያ የወርቅ ቅብ ዘንጉን ይዞ ተነሳ።

"የቤተሰቡ አለቃ እንዲህ ይላሉ። ሟቹ ለሕዝቡ አፉን ዘግቶ ለሚስቱ ከፍቷል። ሰው መስማት ያልተፈቀደለትን ደግሞ ልስማ አይልም። ማሽኑ ይጥፋ፤ በሰው ፊትም ዳግም አይከፈት።"

ዱፊ አጠፋችው። ሸራው ነጭ ሆነ። ሣጥኑ ወጣ፣ ሕዝቡ ተከተለ፣ ቢራጎን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው ወሰዷት። በሩ ላይ ስትደርስ ራሷን አዙራ ወደ ኋላ ጆሮዋን ስትሰጥ ዱፊ አየቻት።

ከቀብር መልስ ውጪው ዳስ በዳስ ሆነ። ከበሮው ተጀመረ፣ ሴቶቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ ዳንሱ ገቡ፣ የፉፉ ምግብ የሚወቀጥበት ሙቀጫ ከየጓሮው ይሰማል። ዱፊ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ገመድ እየጠቀለለች ሳለ ስልኳ ጠራ። ዎፋ አምፔም ነው።

"አለቀ?"

"ድምፁ አልወጣም ዎፋ።"

"ሰምቻለሁ። መንፈስ ነው እያሉ ነው አይደል?"

"የምን መንፈስ። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ።"

"አንቺ ልጅ፣ መንፈስ ነው ካሉ መንፈስ ነው። ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ንጹሕ ምክንያት ሰው ሰጥቶኝ አያውቅም። ጠቅልለሽ ነይ፤ የኮኖንጎ ሙሽሮች ጠዋት የተኮሱት ልብስ ሊጨማደድባቸው ነው።"

"እሺ" አለችና ዘጋችው።

መሄድ ትችል ነበር። ዱፊ ግን ለመንፈስም ለሙሽሮችም የምትጨነቅ አይነት አይደለችም፤ የሚያንገበግባት ምክንያቱን ሳታውቅ መሄድ ነው። መብራት ተመልሶ ጄኔሬተሩ ጠፍቷል፤ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። የጠቀለለችውን ፈታች። ሁሉንም ልክ እንደ ጠዋቱ ሰካችው፤ ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ፣ ቀጭኑን ገመድ ከላፕቶፑ ወደ ሚክሰሩ፣ ወፍራሙን ኬብል ወደ ፕሮጀክተሩ። ፊልሙን ከፈተች። አሴንሶ ሸራው ላይ ብቅ ብሎ አፉን አንቀሳቀሰ። ማጉያዎቹ ዝም።

አዳራሹ ግን ዝም አላለም። አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ትንኝ መሰላት። ከሚክሰሩ ተነስታ ወደ ፕሮጀክተሩ ስትጠጋ ትንኙ ቃላት ያዘ። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ሞቃቱ አየር ጉንጯን መታት፤ ከዚያው ከሙቀቱ ጋር፣ ከማሽኑ ጎን ካለ የክብሪት ቀፎ ከማይበልጥ ቀዳዳ፣ የአንድ አዛውንት ድምፅ ይመጣል፤ ዝግ ያለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር የመሰለ።

አቆመችው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ላፕቶፑ በወፍራሙ ኬብል ጫፍ ላይ ፕሮጀክተር ሲያገኝ ምስሉን ብቻ አይሰጠውም፤ ሳይጠይቅ ድምፁንም ያስረክበዋል። ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ገመድ ባዶውን ይቀራል። ጠዋት መዝሙሩ የሠራው ፕሮጀክተሩን ስለነቀለችው ነው። ይህንን የማያውቅ የሙያው ሰው የለም። እሷም ታውቀዋለች። ማስተካከያው ጣት ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ሁለቱን አብራ ብትሞክር ኖሮ ወዲያው ታየው ነበር፤ ካልተፈቀደም፣ ሣጥኑ ተዘግቶ ፊልሙ እስኪጀመር በነበረው ጊዜ ቢያንስ ማሰብ ትችል ነበር። እሷ ግን ያን ጊዜ ያሰበችው ስለ ኮኖንጎ መንገድ ነበር።

ስለዚህ ቢራጎ መንፈስ አላየችም። ከዚያ ሁሉ ጆሮ መካከል በትክክል የሰማችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷንም በጩኸት ደፈኑባት።

በመስኮቱ አጠገብ ሁለት ሴቶች ሳህን ይዘው አለፉ።

"እየጠራት ነው። የሙት ዓመቱን ሳታይ ትከተለዋለች፣ ተናግሬያለሁ" አለች አንደኛዋ።

"ምስኪን። ማታ ማታ ማን አብሯት ያድራል እንግዲህ? እኔ እንደሆን አልደፍርም።"

ዱፊ ተነሳች።

ንሲያን ያገኘችው ከትልቁ ዳስ ሥር፣ ዘንጉን ወንበር ላይ አስደግፎ የዘንባባ ፍሬ መረቁን ሲጠጣ ነው። "ናና፣ መንፈስ አልነበረም" ብላ ጀመረች።

እጁን አነሳ። "ቁጭ በይ።"

"ቸኩያለሁ—"

"የመጣ ሰው መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ምን እግር ጣለሽ ተብሎ ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ውሃ የለም?"

ተቀመጠች። ውሃ መጣላት። አንድ ጊዜ ገልብጣ ጨረሰችው። ንሲያ መረቁን ሁለት ጊዜ ፉት እስኪል ጠበቀች።

"እኛ ጋ ሰላም ነው" አለ በመጨረሻ። "አንቺን ምን እግር ጣለሽ?"

ነገረችው። ስለ ኬብሉ፣ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ሁለቱ ሙከራ። አሳጥራ፣ ጥፋቱን ለማንም ሳታካፍል። ንሲያ ሳህኑን አስቀምጦ አፉን በእጁ መዳፍ ጠረገ።

"እንግዲህ ያ ሁሉ ሕዝብ ስለ አንድ ገመድ ነው የጮኸው።"

"ስለ ገመድ ነው።"

"ይህንን ለሕዝብ ላውጅልሽ? ድንኳኑን ነው በላዬ ላይ የሚንዱብኝ። ከኩማሲ የመጡት እስከ ፋሲካ የሚያወሩት አግኝተዋል።"

"ለሕዝብ አይታወጅ። ለእሷ ይነገራት። ድምፁንም ትስማው። የሚቀራት ቃል አለ።"

"ናና ቼይ አይከፈት ብሏል።"

"በሰው ፊት አይከፈት ነው ያሉት። እኔም ሰምቻለሁ።"

"የሰማሽው እኔን ነው። እሱ ያለው 'ያን እርጉም ዕቃ አጥፋልኝ' ነው። 'በሰው ፊት' የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ።"

"ለምን ጨመሯት?"

ንሲያ ትከሻውን ነቀነቀ። "ስንት ዓመት የሰው ቃል ተሸክሜ ዞሬያለሁ። በር ስትዘጊ መስኮቱን ገርበብ አድርገሽ መተው ነው። ነገ የሚጸጸተው እሱ፣ የሚወቀሰው እኔ።" ጥቂት አሰበ። "የቢራጎ ክፍል የሰው ፊት አይደለም። ሂጂ።"

"ናና ቼይን አይጠይቋቸውም?"

"ማታ እነግረዋለሁ። ጠዋት ሲነሳ ራሱ ያለው ይመስለዋል።" መረቁን መልሶ አነሳ። "አንድ ነገር ግን። የሰው ቃል አደርሳለሁ፤ የሰው ጥፋት አላደርስም። እሱን በራስሽ አፍ።"

የቢራጎ ክፍል ከግቢው ጀርባ ነው። ዱፊ በአንድ ትከሻዋ ላፕቶፑን፣ በብብቷ ፕሮጀክተሩን፣ በሌላ እጇ ካሏት ማጉያዎች ትንሹን አንጠልጥላ ደረሰች። ትንሹም ቢሆን የልጅ ክብደት አለው። አቺያ በሩ ላይ ዱካ አስቀምጣ ተቀምጣለች።

"ወዴት?"

"ማሜ ቢራጎ ጋ።"

"ያን ነገር ይዘሽ? በቀኑ ብርሃን አስጮኽሽን፣ አሁን ደግሞ ክፍሏ ድረስ?"

"ያስጮኹንስ እርስዎ ነዎት።"

"እቺን አፈኛ—"

"አስገቢያት አቺያ" አለ ከውስጥ ድምፅ። "ረገጣዋን ለይቼዋለሁ። እንደሷ የሚጣደፍ ሰው ዛሬ እዚህ ግቢ የለም።"

ቢራጎ ምንጣፍ ላይ፣ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ ተቀምጣለች። ቀዩ ሻሽ አሁንም ግንባሯ ላይ ታስሯል። ዱፊ ዕቃውን አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች። ስለ ኬብሉ ለንሲያ እንዳለችው ልትጀምር ፈለገችና ተወችው።

"ድምፁ በትልቁ ማጉያ ሳይሆን አጠገብዎ ባለችው ማሽን ነበር የሚወጣው። እኔ ነኝ በትክክል ያልሞከርኩት። እርስዎ ልክ ነበሩ። እሱን ነው የሰሙት።"

 ቢራጎ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።

"አቺያ፣ ሰማሽ? አላበድኩም።"

"እኔ መቼ አብደሻል አልኩ? ሊወስድሽ መጣ ነው ያልኩት።"

"ይጠራኛል ብለሽ ነው ጣራውን የነቀልሽው። ያ ሰውዬ በሕይወት ሳለ ለምሳ እንኳ ጠርቶኝ አያውቅም። ይርበውና ዝም ብሎ ማጀት መጥቶ ይቆም ነበር። ሞቶ ነው መጥራት የሚጀምረው?" እጇን ወደ ዱፊ ዘረጋች። "ከምን ላይ ደረሰ? ዋናውን አልፎታል?"

"አላለፈውም። ከመጀመሪያው እከፍትልዎታለሁ።" ዱፊ ማጉያውን ወደ ፊት ሳበችው። "በዚህ አገናኘዋለሁ። ግቢው ሳይሰማ እርስዎ ጥርት አድርገው ይሰማሉ።"

ቢራጎ ማጉያውን ዳሰሰችው። ፊቱን ያለበሰውን ወንፊት፣ የእጀታውን ብረት በጣቷ ዞረችው። ራሷን ነቀነቀች።

"ይሄ ሰባኪ ነው። እሱ ጮሆ አያውቅም። እንደዚያ እንደ ጠዋቱ አድርጊው።"

"የዚያች ድምፅ እኮ ቀጭን ናት ማሜ።"

"ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ነው የቀጠነችው። እኔ አንድ ሰው ነኝ።"

ዱፊ በልቧ አሰላች። ድምፁ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ፕሮጀክተር ምን ያደርጋል፤ ላፕቶፑም ይናገራል። "እንግዲያው ምስሉን ልተወውና ከዚሁ ከላፕቶፑ—"

"ምስሉንም አብሪው።"

ዱፊ ዝም አለች። ቢራጎ ዝምታውን ሰማችው።

"እንደማላይ አውቃለሁ፤ አታስታውሺኝ። ሙቀቱን ነው። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ማታ ማታ ጋዜጣ ያነብልኝ ነበር፣ በዚህ በኩል ተቀምጦ።" የግራ ክንዷን መታ መታ አደረገች። "ደስ የማይለውን ወሬ እየዘለለ ነበር የሚያነብልኝ፤ የማላውቅ ይመስለው ነበር። ጠዋት ያ ትንፋሽ እዚህ ላይ፣ ድምፁም ከእሱ ጋር ሲመጣ . . . አስቀምጪው በቃ። ምን ታስለፈልፊኛለሽ።"

ዱፊ ዱካ ፈልጋ ፕሮጀክተሩን በቢራጎ ግራ አስቀመጠች። ሰካችው። ማሽኑ እስኪሞቅ ፈቀደችለት፤ በሕይወቷ አንድ ማሽን እንዲሞቅ ሳታጉረመርም ስትጠብቅ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ብርሃኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ወደቀ፤ ግማሹ በሩ ላይ፣ ግማሹ በተሰቀለው የአሴንሶ ካፖርት ላይ። ምስሉ ተንጋዷል። እጇ በልማድ ሊያቃናው ሄደና መለሰችው።

"ከጨረስን በኋላ ፍላሹን ሬድዮዎ ላይ እሰካልዎታለሁ" አለች። "ነገም ከነገ ወዲያም ይሰሙታል።"

"የነገን ነገ።"

ከፈተችው። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የወንበር መንቋቋት፤ ከዚያ እሱ።

"ጀመረ? ቀይዋ መብራት በርታለች? ያሞዋ፣ እንዳለፈው ጊዜ ጣትህን እንዳትቀርጽ።"

ቢራጎ አንገቷን ሰብራ በአፍንጫዋ ሳቀች። ሞቃቱ አየር የሻሿን ጫፍ ያወዛውዘዋል። አቺያ ከበሩ ተነስታ ገባችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ እጇ አፏ ላይ ነው።

አሴንሶ ያመሰግናል። የእህቶቹን ልጆች በየስማቸው ጠራ፤ ስለ ካካዎው ማሳ ወሰን ተናገረ፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ያቺን ረጅሟን መዝሙር እንዳይዘምሩበት ለመነ። "ንሲያም" አለ፣ "ያልኩትን ብቻ ይናገር። ያላልኩትን የሚጨምርበት ከሆነ ከሣጥኑ እነሳለሁ።" አቺያ ሳቋ አመለጣት፤ ደነገጠችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ከዚያ ድምፁ ቆመ። ወንበሩ ተንቋቋ። ቁም ሣጥኑ በር ላይ አዛውንቱ ጆሮውን አከከና ወደ ካሜራው ጠጋ አለ።

"እሺ። ይኸውልሽ ቢራጎ . . ."

ዱፊ ላፕቶፑ ላይ እጇን ጭና ፊልሙን አቆመችው። የቢራጎ ፊት ወደ እሷ ዞረ።

"ምነው?"

"እኔ ልውጣ ብዬ ነው። ስወጣ ይቀጥላል።"

"አቺያም ትውጣ።"

"እኔ?" አለች አቺያ። "ባሏ የሞተባት ሴት ዛሬ ብቻዋን አትተውም። ሕግ ነው።"

"ብቻዬን አይደለሁም። ውጪ።"

አቺያ ዱፊን አየቻት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ አፉን ከፍቶ የቆመውን ሰውዬ አየችው፤ ነጠላዋን ሰብስባ እየተነጫነጨች ወጣች። ዱፊ የቢራጎን እጅ ይዛ ላፕቶፑ ላይ ረጅሟን ቁልፍ አስዳሰሰቻት። "ይቺ ናት። አንዴ ብቻ ይጫኗት።"

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። ዎፋ አምፔም ነው፤ የእሱ ፕሮጀክተር እዚህ፣ ሙሽሮቹ እዚያ። ጠርቶ ጠርቶ እስኪያቆም ተወችው። ትንሹን ማጉያ አንጠልጥላ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቢራጎ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ፣ ክንዷን ወደ ሙቀቱ አስጠግታ፣ ገና አልተጫነችውም፤ የእግር ኮቴው እስኪርቅ ትጠብቃለች።

ዱፊ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።